ማስተማር ለመማር ወደ መርካቶ

በዚህ ጉዞ ውስጥ ያለነው ሰዎች እነዚህ ነን። እኔ በላቸው ነኝ፤ በጎጃም በአንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ላለፉት ሰባት ዓመታት ደግሞ የገበሬ ማኅበራት እየመረጡ የሚልኩልንን የጤና ወኪሎች የማስተምር። ቀጥላ አስናቀች አለች፤ የበኩር ልጄ፣ ነርስ፣ ከእኔው ጋር በአንድ ክፍል የምታስተምር። ወይዘሮ ዘይነባ በመርካቶ የበርበሬ ተራ፣ በርበሬ በረንዳ በሚባለው፣ የቅመም ነጋዴ ናቸው፤ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታቸው ጓሮ ያሳደሩን እሳቸው ናቸው። ጥሩነሽ በወይዘሮ ዘይነባ ግቢ በርበሬ እየቀነጠሰች የምትተዳደር ወጣት ናት። ቢንያም የእሷ ልጅ ነው፤ የዘጠኝ ወር። የመጨረሻው ጓድ ዮሴፍ ነው፤ ለእኛ ለአስተማሪዎቹ ማስተማርን እንዲያስተምር የተመደበ፣ ዕድሜው ከልጄ ብዙም የማይበልጥ ሰው።

ይህን የምጽፈው ከተመለስሁ በኋላ ነው። የምጽፈውም ለሥራ ባልደረቦቼና አዲስ አበባን ላላዩ፣ ምናልባትም ለማያዩ የአገሬ ሰዎች ነው።

የሄድነው ደብዳቤ መጥቶ ነው። ደብዳቤው ከመጪው መስከረም ጀምሮ የማስተማር ሥልጠና ወስዶ ምስክር ወረቀት ያልያዘ ሰው የጤና ወኪሎችን ማስተማር አይችልም ይላል። ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ጤና ጣቢያው ውስጥ ወለል ጠራጊ ሆኜ ገብቼ፣ ፊደል ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ቆጥሬ፣ አንድ ሽማግሌ ድሬሰር የጣለውን መጽሐፍ አንስቼ እያነበብሁ ነው ፈተና ወስጄ ለዚህ የደረስሁት። በሕይወቴ የምኮራበት ነገር ቢኖር ተማሪ ፊት መቆሜ ነው። ሥልጠናውን ካላለፍሁ ወደ ቁስል ማሰር እመለሳለሁ። ቁስል ማሰር ነውር አይደለም፤ ግን እኔ አልፈልገውም ነበር። እውነቱን ብናገር ፈርቼ ነበር የሄድሁት፤ ፍርሃቴንም በቁጣ ሸፍኜው ነበር።

ቅዳሜ

በንጋት እህል የጫነ መኪና ላይ ተሳፍረን ወደ ደብረ ማርቆስ ጉዞ ጀመርን። አስናቀችን ሾፌሩ አጠገብ አስቀመጥኋት፤ እኔ ከላይ ጆንያ ላይ ሆንሁ። በእጄ የያዝሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በአቡጀዲ ላይ በቀለም የሣልሁት የሰው አንጀት፣ በሸምበቆ ላይ የተጠቀለለ። ሰባት ዓመት ያስተማርሁበት ሥዕል ነው።

ከተማው መግቢያ ኬላ ላይ ወታደሩ የይለፍ ወረቀታችንን አይቶ መለሰልንና ዓይኑ ሥዕሉ ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው? ክፈተው!»

ዘረጋሁት። ወታደሩ ጎንበስ ብሎ ትንሹን አንጀት በጣቱ ተከተለው።

«ካርታ ነው! ይህ መንገድ ከየት ተነሥቶ የት ነው የሚደርሰው?»

«ከጨጓራ ተነሥቶ ከቂጥ ይደርሳል ጌታዬ» አልሁት።

ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ወታደሩ ግን አልሳቀም፤ አለቃውን ጠራ፤ አለቃውም ሌላ ሰው ጠራ፤ ፀሐይ ናላችንን እስክታዞረው ቆምን። በመጨረሻ አስናቀች ወርዳ የነርስነት መታወቂያዋን አሳየችና ሆዷን በእጇ እያመለከተች አስረዳቻቸው። ለቀቁን። መኪናው ላይ ስወጣ «እንዴት ይህን የመሰለ ግልጽ ሥዕል ሰው አይገባውም?» አልኋት። «አባባ፣ እርስዎ ስለሣሉት ነው ግልጽ የሆነልዎ» አለችኝ። በልጅ አፍ መመከር አልወድም፤ ሥዕሌን መልሼ ጠቀለልሁ።

ደብረ ማርቆስ ያደርንበት ሆቴል ንጹሕ ነበር። ለእራት ሽሮ በላን።

እሑድ

አውቶቡሱ የዓባይን ቁልቁለት ሲወርድ ሰው ሁሉ የፊቱን ወንበር ጨብጦ ያዘ። በረሃው ውስጥ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው። የእኛ አገር ሰው ዓባይን ስሙን እንጂ መልኩን አያውቅም፤ እኔም ከዚያ በፊት ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። ከጎሐ ጽዮን በኋላ ጎማ ፈነዳና ሁለት ሰዓት ሜዳ ላይ ተቀመጥን። አንዲት የማላውቃት ሴት ቆሎ አካፈለችን። ረዳቱ ጎማውን ሲቀይር አንድ ተማሪ የሚመስል ልጅ ያያል፤ ረዳቱ ቁልፉን ሰጠውና «ና አንተ ፍታው» አለው። ልጁ በተቃራኒው ሲያጠብቀው ረዳቱ ሳቀበት፤ ቀጥሎ ግን ፈታው። ያን ጊዜ ነገሩን እንደ ጨዋታ ነው ያየሁት።

አመሻሽ ላይ መርካቶ ያለው አውቶቡስ ተራ ገባን። ለማያውቀው ሰው እንዴት ልንገረው? የእኛን የቅዳሜ ገበያ መቶ አድርጉት፣ በላዩ ላይ መኪና ጨምሩበት፣ ከዚያ ማንም ማንንም ሰላም እንዳይል እዘዙ። ተሸካሚው «ጋሼ፣ ዕቃ!» እያለ ቦርሳዬን ይጎትታል፤ ሌላው ደግሞ የአንጀቴን ሥዕል ይዞብኝ ሊሮጥ ነው። «ይህንስ አልሰጥህም» አልሁት። «ምንጣፍ ነው እንዴ?» አለኝ።

ወይዘሮ ዘይነባ የአንድ የአገራችን ነጋዴ ደንበኛ በመሆናቸው ነው ወደ እሳቸው የተላክነው። ሰባተኛ ውስጥ በቆርቆሮ በር ገብተን ግቢው ውስጥ ስንቆም አፍንጫዬን የበርበሬ ብናኝ መታው፤ ሰላምታ ሳልሰጥ አሥር ጊዜ አነጠስሁ።

«ይማርዎ! ይማርዎ! ኧረ ይማርዎ ጋሼ!» እያሉ ወጡ። «ሦስት ቀን ነው የሚያስነጥሰው፤ ከዚያ ይለመዳል። እኛማ ካላሸተትነው እንታመማለን።»

እሳቸው እስላም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን። አንዳችን የሌላችንን ሥጋ አንበላም። ይህን አስቤ በመንገድ ሁሉ ተጨንቄ ነበር። እሳቸው ግን ሳልናገር «ለእናንተ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን ነው የማበስለው፤ ሥጋ አምጥቼ አላስቸግራችሁም። እኔም በዚሁ ሰበብ ከደም ብዛት እድናለሁ» ብለው ሳቁ። ሙሉውን ሳምንት እሳቸውም ከእኛው ጋር ምስር በሉ። የራሴ ዘመዶች ቤት እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አላየሁም።

ሰኞ

ሥልጠናው ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወዲህ ባለ አንድ አዳራሽ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣን ሃያ የምንሆን አስተማሪዎች ተቀመጥን፤ ነርስ፣ ድሬሰር፣ አዋላጅ፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያ። እንደ ደንቡ ሁላችንም «ጓድ» ተባልን። የገዛ ልጄ «ጓድ በላቸው፣ ወንበሩን ያሳልፉልኝ» ስትለኝ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሳምንት ያህል በቀን አባቷ አልነበርሁም፤ ማታ ማታ ብቻ እመለሳለሁ።

ጓድ ዮሴፍ ሰላምታና መፈክር ካለቀ በኋላ ጫማውን አወለቀና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። «የጫማ ክር ማሰር አስተምሩኝ። በቃል ብቻ። እኔ ያላችሁኝን ብቻ ነው የምሠራው» አለ።

አንድ የሐረር አዋላጅ ጀመሩ። «ግራውን በቀኝ ላይ አሳልፈው።» ግራ እጁን በቀኝ እጁ ላይ አሳለፈ። «ክሩን ነው እንጂ!» ክሩን ከጫማው ጎትቶ አወጣው። ሰው በሳቅ ወደቀ። ሦስት አስተማሪዎች ሞከሩ፤ ጫማው ሳይታሰር የዕረፍት ሰዓት ደረሰ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ለዚህ ነው እንዴ ዓባይን ተሻግሬ የመጣሁት? አልሁ በልቤ። ትምህርት ማለት አስተማሪ ይናገራል፣ ተማሪ ይጽፋል፣ ያልጻፈ መዳፉን ይዘረጋል፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው። በአለንጋ መምታቴንም አልደብቅም። ሰው የሆንሁት ተመትቼ ነው ብዬ አምን ነበር።

ማክሰኞ

እያንዳንዳችን ለሩብ ሰዓት ያህል አንድ ትምህርት በባልደረቦቻችን ፊት እንድንሰጥ ታዘዝን። ሌላው ተቀምጦ የመገምገሚያ ቅጽ ይሞላል፤ ስም አይጻፍበትም። ሁለተኛ ትምህርት ሐሙስ ቀን መርካቶ ውስጥ ለሕዝብ ይሰጣል፤ የሁለቱ ውጤት ተደምሮ ነው ምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው ወይም የሚከለከለው።

እኔ የመረጥሁት በደንብ የማውቀውን ነው፤ ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን በስኳርና በጨው ውሃ ማከም። አንጀቱን ሰቀልሁ። ውሃ ከሰውነት እንዴት እንደሚያልቅ አብራራሁ። ሦስት የቢራ ጠርሙስ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል፤ ጣዕሙ ከእንባ ጨዋማ እንዳይሆን። አንድ ቃል አልተሳሳትሁም። ሲያልቅ እንደ ልማዴ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ገባችሁ?» አልሁ። ሃያ አስተማሪዎች በአንድ ድምፅ «ገባን!» አሉ፤ አጨበጨቡልኝም።

ከሰዓት በኋላ ቅጾቹ ተሰጡኝ። አንዱ «በጣም ጥሩ» ይላል፣ አንዱ «ግሩም ድምፅ»፣ አንዱ «አንጋፋ አስተማሪ»። አንዱ ግን ከአምስት ሁለት ሰጥቶኝ ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «አስተማሪው ብዙ ያውቃል። ተማሪ አንድም ነገር ሲሠራ አላየም። ያስተማረው ነገር መድረሱን በምን ያውቃል?»

እጅ ጽሑፉን አወቅሁት። «ሀ»ን አግዳሚ ጨምራ የምትጽፈው አንድ ሰው ብቻ ናት፤ ፊደል ያስተማርኋት እኔ ነኝ።

ወደ ሰባተኛ ስንመለስ በግፊያው መሃል ቆም አደረግኋት።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«አላፈርሽም?»

«አፍሬያለሁ። እያፈርሁ ነው የጻፍሁት።»

«እንጀራዬን ልታሳጪኝ ነው? ማለፍ አለማለፌ በዚህ ወረቀት መሆኑ ጠፍቶሽ ነው?»

«አልጠፋኝም። ውሸት ብጽፍ ግን እርስዎ ራስዎ መዳፌን ያስዘረጉኝ ነበር። ሐሰት እንዳልጽፍ ያሳደገኝ ማነው?»

አንድ ኩንታል የተሸከመ ኩሊ «ኧረ መንገድ! የቤታችሁን ነገር ቤት ጨርሱት!» ብሎ በመካከላችን አለፈ። 

ግቢው ስንደርስ ጥሩነሽ በርበሬ ክምር አጠገብ ቁጭ ብላ ቢንያምን ታባብላለች። ከጠዋት ጀምሮ ተቅማጥ ይዞታል። እኔ ደግሞ ንዴቴ አልበረደም፤ ለልጄ ማስተማር ማለት ምን እንደሆነ ላሳያት ፈለግሁ። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ለጥሩነሽና ለወይዘሮ ዘይነባ፣ ያንኑ ትምህርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰጠሁ። ጥሩነሽ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ በጨዋነት አዳመጠች።

«ገባሽ?»

«ገብቶኛል ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ወደ አስናቀች ዞሬ ተመለከትኋት። 

ረቡዕ

በማለዳ ለሥልጠና ስንወጣ ጥሩነሽ ለቢንያም በማንኪያ ትሰጠዋለች፤ ልጁ ፊቱን ያዞራል፣ ያለቅሳል። «እንቢ አለኝ ጋሼ፤ ሌሊቱን ሁለቴ ሦስቴ ነው የቀመሰልኝ» አለች። «ልጅ መድኃኒት አይወድም፤ ግድ በይው» ብዬ ላልፍ ስል አስናቀች ጎንበስ ብላ «እስቲ ልቅመሰው» አለች። ቀመሰችውና ተፋችው። እኔም ቀመስሁ። ከእንባ አይደለም፣ ከባሕር የሚብስ ጨው ነው።

«እንዴት አድርገሽ ነው የቀመምሽው ጥሩዬ?» አለቻት አስናቀች፣ በቀስታ።

«እንዳሉኝ ነው። ስምንት ስኳር፣ አንድ ጨው ብለውኛል፤ ዘጠኝ ማንኪያ ነው። የቀበሌው ስኳር ደግሞ አልቆብኝ ሦስት ማንኪያ ብቻ ተረፈኝ። ዘጠኝ እንዲሆን የቀረውን በጨው አሟላሁት።»

ስድስት ማንኪያ ጨው። ልጁ እንቢ ማለቱ ነው ያተረፈው። አስናቀች ወዲያው ያን ደፍታ ከወይዘሮ ዘይነባ ስኳር ተቀብላ አዲስ ቀመመችና ሕፃኑን ይዘን አቅራቢያችን ያለ ክሊኒክ ሮጥን። ያየው ሐኪም ልጁ ጨዉን ብዙም አልወሰደም፣ ይተርፋል፣ ያለማቋረጥ ስጡት አለን። ቀትር ላይ ቢንያም ሸና፤ ውሃ ወደ ሰውነቱ ተመለሰ ማለት ነው። በእኛ ሙያ ሽንት ማየት ምን ያህል ደስ እንደሚያሰኝ የሚያውቅ ያውቃል።

ጥሩነሽ ታለቅስ ነበር። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ትላለች። ዕድሜ ልኬን ተማሪ ሲያጠፋ ጥፋቱ የተማሪው ነው ስል ኖሬያለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አፌ እንቢ አለኝ። «አንቺ የነገርሁሽን አድርገሻል። እኔ ስኳር ቢያንስሽ ምን እንደምታደርጊ አልጠየቅሁሽም፤ ስትሠሪም አላየሁሽም» አልኋት። እንዲህ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የባሰው መጣ። ክሊኒኩ በር ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የጤና ወኪል ከቆላ መጥቶ «ጋሼ፣ ልጆቹ ውሃውን እንቢ ይላሉ» ብሎኝ ነበር። እኔ በሪፖርቴ ላይ «እናቶቹ ስንፍና ያበዛሉ» ብዬ ጻፍሁ። ያ ወኪል ውሃውን እንዴት እንደሚቀምም አላየሁትም። ማንም ሲቀምም አላየሁም። ሰባት ዓመት «ገባችሁ?» ስል «ገባን» ይሉኛል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ትልቅ ሰው ፊት «አልገባኝም» ማለት በአገራችን ድፍረት ነው። ይህን እያወቅሁ ነው የምጠይቃቸው የነበረው።

ሰዓቱ ረፍዶ አዳራሽ አልሄድንም። ለሐሙስ ግን ትምህርቴን ከመሠረቱ ማፍረስ ነበረብኝ። እያንዳንዷ ሴት በገዛ እጇ እንድትቀምም ስኳር ያስፈልጋል። መርካቶ ከመርፌ እስከ ሞተር የማይገኝ ነገር የለም ይባላል፤ ስኳር ግን ያለ ቀበሌ ካርድ የለም። አንዱ ባለሱቅ «የየትኛው ቀበሌ ካርድ ነው የያዙት?» አለኝ። «የጎጃም» አልሁት። «እንግዲያው ጎጃም ይሂዱ ጋሼ» አለኝ።

ወይዘሮ ዘይነባ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አደረጉና ወጡ። ሲመለሱ ከየቤቱ የተለመነ ስኳር በየስኒው፣ በየወረቀቱ ተጠቅልሎ ይዘው መጡ። ሁለት ኪሎ ሞላ።

«ይህ የሰው የወር ስኳር እኮ ነው እትዬ» አልሁ።

«የወር ነው። ወላሂ ሻይ በጨው እንጠጣለን። ግን ነገ ቢንያምን ያየች ሁሉ አዳራሽ ትመጣለች፤ ነግሬያታለሁ። ካልመጣች ሌላ ስኳር ታመጣለች ብያታለሁ!»

ሐሙስ

የቀበሌው አዳራሽ በርበሬ በረንዳ አጠገብ ነው። በርበሬ ቀንጣሾች፣ ቅመም ሻጮች፣ የሚሆነውን ለማየት ከውጭ የገቡ ኩሊዎች ሞሉት። ባልደረቦቼ ቅጻቸውን ይዘው ግድግዳ ጥግ ቆሙ፤ አስናቀችም ከነሱ ጋር። የአንጀቱን ሥዕል አልሰቀልሁም። ጠረጴዛ ላይ ጠርሙስ፣ ማንኪያ፣ ስኳር፣ ጨው አኖርሁ።

በአጭሩ ተናገርሁ። ቀመምሁ፤ አሳየሁ። ከዚያ፣ ልማድ ክፉ ነገር ነው፣ ሳላስበው «ገባችሁ?» ብዬ ጮኽሁ።

«ገባን!» አለ አዳራሹ፣ ጣራው እስኪነቃነቅ።

ፊቴ ጋለ። «እኔ እንኳ አልገባኝም» አልሁ። «እንደገባችሁ በምን ልወቅ? ኑና አሳዩኝ።»

 አንዲት ወፍራም ቅመም ሻጭ ሌላዋን ትገፋለች። በመጨረሻ አንዲት ሴት መጣችና ማንኪያውን ጨው ውስጥ ከትታ ቆልላ አወጣች፤ እንደምትሸጠው ቅመም፣ ምርቃት እንደሚጨመርበት።

«ኧረ አትመርቂ! ለሕፃን ነው እንጂ ለደንበኛ ነው እንዴ?» አሏት ከኋላ። ሁሉም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ በጣቷ ላጨችው። አንድ ኩሊ ካልቀመስሁ አለ። ቀምሶ «ይህማ ከቀበሌው ሻይ ይሻላል!» አለ። ሁለተኛዋ መጣች፣ ሦስተኛዋ፣ ስድስተኛዋ። እጃቸውን ይዤ ሳይሆን ቆሜ እያየሁ። ቆሞ ማየት ከመናገር የበለጠ ይከብዳል፤ ምላስ ያሳክካል።

ከዚያ ጠየቅሁ። «ስኳሩ ግማሽ ብቻ ቢኖራችሁስ?»

አንዷ «እንተወዋለን» አለች። አንዷ «በጨው ይሞላል» አለች። ያን ጊዜ ጥሩነሽ ቢንያምን ይዛ ከኋላ ተነሣች።

«በጨው አትሙሉት!» ብላ ጮኸች። «እኔ ሞልቼ ልጄን ልገድል ነበር። ስኳሩ ሲያንስ ሁሉም ይነስ። አራት ስኳር ካለሽ ጨውሽ ግማሽ ማንኪያ፣ ውሃሽ አንድ ጠርሙስ ተኩል። በቃ።»

ይህን ማክሰኞ ብጠይቃት ኖሮ አታውቀውም ነበር፤ እኔም አላስተማርኋትም ነበር። ረቡዕ ከሰዓት አስናቀች ከእሷ ጋር ቁጭ ብላ በጠርሙስ አስቆጥራታለች። እንደ እሷ አድርጌ ማስረዳት አልችልም። አዳራሹ እሷን ከእኔ ይልቅ ሰማት።

ሲያልቅ ጓድ ዮሴፍ እጄን ጨበጠኝ። «ጓድ በላቸው፣ ከማክሰኞ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነዋል። ከየት አመጡት?» አለኝ፤ ሁሉም እየሰማ። ጥሩነሽ የልጇን ነገር ስትናገር ማን እንደነገራት አልተናገረችም ነበር። ዝም ብል ያልፋል። ልቤም ዝም በል አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅም።

«ልጁ የተጎዳው በእኔ ትምህርት ነው» አልሁ። ማክሰኞ ግቢው ውስጥ የሆነውን፣ የቆላውን ወኪል፣ ሪፖርቱን፣ ሁሉንም ነገርሁት።

 ጓድ ዮሴፍ ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ይህ በሪፖርት ከተጻፈ ምስክር ወረቀቱን ላይሰጡዎ ይችላሉ» አለ ዝግ ብሎ።

«ይጻፍ።»

እኒያ የጫማ ክር ማሰር ማስተማር ያቃታቸው የሐረር አዋላጅ ከግድግዳው ወደ ፊት ወጡ። «እንግዲያው የእኔም ይጻፍ። ሃያ ዓመት እትብት ማሰር ሳስተምር አንዲትም ተማሪ በፊቴ ስታስር አላየሁም» አሉ። ቀጥሎ ሌላ ሰው ወጣ። ከዚያም ሌላ። ስብሰባው እንደታሰበው በመፈክር ሳይሆን በዚህ አለቀ።

ማታ ወይዘሮ ዘይነባ ግቢ ምስር ስንበላ አስናቀችን «ዛሬስ ስንት ሰጠሽኝ?» አልኋት።

«አራት።»

«አንዱስ?»

«ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ጠረጴዛው አልታያቸውም።»

እውነቷን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ በመካከላቸው መቀመጥ አለብኝ። «ጎበዝ» አልኋት። ይህን ቃል ከአፌ የሰማችው ስንት ጊዜ እንደሆነ ብትጠይቁኝ መልሱ ያሳፍረኛል።

ዓርብ

ጠዋት ጓድ ዮሴፍ ወደ ጎን ጠራኝ። ከአለቆቹ ጋር መነጋገሩን ነገረኝ። ምስክር ወረቀቱ በእጁ ነበር። «የሚሰጥዎ በአንድ ነገር ነው» አለኝ። «ያስተማሯቸውን ወኪሎች ሁሉ መልሰው ይጥሩና በእጃቸው ሲሠሩ ይዩ። ይህን አደርጋለሁ ብለው ይፈርሙልኝ።»

«ሳይሉኝም አደርገው ነበር» አልሁና ፈረምሁ። ወረቀቱን ተቀብዬ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ዓርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ስሜ የተጻፈበት የትምህርት ወረቀት ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው።

ወይዘሮ ዘይነባ የኪራዩን ግማሽ ብቻ ተቀበሉኝ፤ «ግማሹ የቢንያም ነው» አሉ። ስንወጣ በርበሬ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡን። የስኳሩን ዋጋ ልከፍል ብሞክር ተቆጡኝ።

ቅዳሜና እሑድ

መመለሻው ሰላም ነበር። የዓባይን ዳገት ሲወጣ አውቶቡሱ ሞቀበትና ሁላችንም ወርደን በእግር ሄድን። አስናቀች ቦርሳዬን ተሸከመችልኝ፤ ከለከልኋት፤ አልሰማችኝም። ደብረ ማርቆስ አድረን በማግስቱ በቡና መኪና ቤታችን ገባን።

በወሩ መጨረሻ ሠላሳ ሦስት ወኪሎች ተጠርተው መጡ፤ አንዳንዱ አንድ ቀን ሙሉ በእግሩ ተጉዞ። ምንም ሳልናገር ጠርሙስና ማንኪያ ሰጠኋቸው። በትክክል የቀመሙት አራት ብቻ ነበሩ። ያ የቆላው ሰው ስኳሩን ጨርሶ ትቶ በጨው ብቻ ሠራ። ሁለት ቀን ሙሉ አስናቀችና እኔ በመካከላቸው እየተቀመጥን አሠራናቸው። ሲሄዱ አንዳቸውንም «ገባችሁ?» ብዬ አልጠየቅሁም። አለንጋውን ለጎረቤቴ ለበሬ መንጃ ሰጥቼዋለሁ።

ዋጋውን ለማወቅ ለሚፈልግ፦ የሁለታችን የጭነት መኪና መሳፈሪያ ደርሶ መልስ አሥራ ሁለት ብር፣ የአውቶቡሱ ሠላሳ ስድስት፣ የደብረ ማርቆስ ሁለት ሌሊት ስምንት፣ የወይዘሮ ዘይነባ ግማሽ ኪራይ አሥራ ሁለት፣ ምግባችን ዓርባ አንድ ብር ከሰባ አምስት ሳንቲም። የመርካቶ ሴቶች የሰጡን ስኳር በስውር ገበያ ዋጋ ሲሰላ አሥራ ሁለት ብር፣ ባይቀበሉኝም እጽፈዋለሁ። የገበሬ ማኅበራቱ ለሠላሳ ሦስቱ ወኪሎች ለሁለት ቀን ስንቅ ያወጡት ስልሳ ስድስት፣ እዚህ የተቀመመው ስኳር አሥራ ስድስት። ለሰባት ዓመት «አሳዩኝ» የምትለዋን አንዲት ቃል ሳልናገር በመቅረቴ ሁላችንን ያስወጣን በጠቅላላው ሁለት መቶ ሦስት ብር ከሰባ አምስት ሳንቲም ነው።